የቀለበት ጣት

ማክሰኞ 3

ዛሬ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ከሕንፃው ሥር ነው፤ ከእኛ በላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ይህን ያህል ዘመን ጣሪያው እየዘፈነልኝ ስሰፋ ኖሬ ደረጃውን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት የአዳራሻቸውን መጋረጃ አሳጥሬ ልሰቅል ስወጣ፣ ፒያኖ የሚያስተምሩት ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ።

«አንቺ ነሽ ከታች በእግር መኪና የምትሰፊው?»

«አዎ እመቤቴ። ረበሽኩዎት እንዴ?»

«ምት አለሽ። ተማሪዎቼ የሌላቸውን።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ልብሳቸውን እንድጠግንላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ እንዲያስተምሩኝ ተስማማን። ፒያኖው ፊት ስቀመጥ እጄን ጉልበቴ ላይ ቀበርኩት። «አውጪው፤ ጥርስ አለው እንጂ አይነክስም» አሉኝ። ነጩን ጥርስ ተጫንኩት። ድምፁ ከሆዴ የወጣ መሰለኝ።

«ልጄ» ይሉኛል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ሐሙስ 5

ወረቀት ዘረጉልኝ። አምስት አምስት መስመር፣ በየመስመሩ ላይ ጥቋቁር ፍሬዎች፤ ክር ላይ የተቋጠሩ ይመስላሉ።

«ኖታ ታነቢያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። «አልችልም» የምትለዋ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የቀረች አጥንት ናት። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልንም የያዝኩት በማስመሰል ነው። ባሌ ማታ ማታ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር፤ እኔ በጆሮዬ እይዘውና በማግስቱ ጋዜጣውን ዘርግቼ «ላንብብልህ» እለዋለሁ። «የኔ ጎበዝ!» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ገጹን ገንጥሎ ወስዶት ኖሮ፣ እኔ የሌለውን ገጽ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ጣቴን ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ ያስነካኝ ጀመር፤ ማንበብ የመጣልኝ ከዚያ ነው።

ዛሬም ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ ልቤን እጃቸው ላይ አደረግሁ። ገጹን በሰዓቱ ገለጥኩ። አላወቁብኝም።

ሰኞ 9

ቤቴ ፒያኖ የለም። በምሳ ሰዓት የመቁረጫው ገበታ ላይ በልብስ ጠመኔ ጥርሶቹን ስዬ ጣቶቼን ሳሯሩጥ መቀስ ደረሰብኝ። መቀስ የምንለው አሠሪያችንን ነው፤ ምላሱ ስለሚቆርጥ።

«ምንድን ነው ይሄ? ገበታዬ ላይ የሜዳ አህያ ሳልሽብኝ?»

«አጠፋዋለሁ።»

«ተይው፣ ተይው። ድምፁ ግን ግሩም ነው፤ ጆሮ አያደነቁርም።»

አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ 12

አንዲት አጭር ዳንስ አስጀመሩኝ፤ ሦስት ሦስት የምትቆጠር፣ ዝግ ያለች። እሳቸው ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ይጫወታሉ፤ እኔ ተከትዬ። እጃቸውን እንደ ልብስ ልክ ነው የምይዘው፤ አውራ ጣት ከየት ተነስቶ የት ገባ፣ የቱ ጣት በየቱ ላይ አለፈ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ዜማዋ ደረጃ እንደምትወጣ ሴት ትወጣ ትወጣና ጫፉ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። የቀለበት ጣታቸው ጥርሱ ላይ ያንዣብባል፤ አይነካውም። ከዚያ ትወርዳለች።  ሙዚቃ ዝም ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሁሉ ያቺን ቦታ ብቻ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

ማክሰኞ 17

ከእኔ በፊት የሚማሩት የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ናቸው። እሳቸውም ያችኑ ዳንስ ይዘዋል። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስሰማ፣ ያችን የዝምታ ቦታ አበላሿት። መሐሏ ላይ አንድ ድምፅ ሰነቀሩባት። ሁለት ጊዜ። መምህሬም ምንም አላሏቸው። ተናደድኩ፤ የራሴን ልብስ ሰው በመቀስ የበሳብኝ ያህል።

እሑድ 22

የባሌ እህት መጣች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እሑድ አስተጓጉላ አታውቅም። ገና ከበሩ፦

«ፒያኖ ጀመርሽ አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«ማን ያላለ አለ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መነጽር በመነጽር የምትደርቢ ሴትዮ!»

«ለፒያኖ ክር አይገባበትም።»

ሳቀች። ስትስቅ እሱን ትመስላለች፤ ፊቷን ማየት አልወድም ያኔ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፉን አየችና ሳቋ ቆመ።

«ይገርምሻል፤ እስካሁን የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ የኖረ ሰው፣ ያ የብረት እጅ፣ እንዴት ምሰሶውን ለቅቆ ወደቀ?»

ሻይ ጨመርኩላት። ብርጭቆዋ ሙሉ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ማክሰኞ 24

መምህሬ ከትምህርት በኋላ በፌስታል ሦስት ሸሚዝ ሰጡኝ። «ቁልፎቹን ፍቺና ተጭኖ የሚዘጋውን ዓይነት አድርጊልኝ። የልጆች ልብስ ላይ እንደሚሆነው።»

«ቁልፎቹ እኮ አልተጎዱም።»

«ጠዋት ጠዋት ጊዜ ይፈጅብኛል።»

እሺ አልኩ። ደረጃውን ስወርድ መደገፊያውን ይዤ ቆምኩ። ሌላ ምንም የለም። ደክሞኝ ነው።

ረቡዕ 25

ምሽቱን ሸሚዞቹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቁልፎቹን በምላጭ ፈታሁ። ልብስ ብዙ ይናገራል። ማን እንደከሳ፣ ማን ትከሻው እንደወደቀ፣ ማን ሆዱን እንደሚደብቅ ባለቤቱ ሳያወራ አውቃለሁ። የእነዚህ ሸሚዞች የቁልፍ ቀዳዳ በአንድ በኩል ተበልቷል። ሰው በአንድ እጁ እየታገለ ሲዘጋው እንዲህ ይሆናል።

አንድ ጊዜ የሥራ ሸሚዝ እንዲህ አድርጌ ሰጥቻለሁ። ሰማያዊ። ያኔም «ጠዋት ጠዋት ጊዜ ይፈጅብኛል» ነው የተባልኩት፤ ቃል በቃል። በአንድ ምሽት ጨርሼ፣ ተኩሼ፣ ወንበር ላይ ሰቀልኩት። «ለምን?» አላልኩም። ጎበዝ ሚስት ነበርኩ።

መምህሬን ግን እጠይቃለሁ። ነገ እጠይቃለሁ።

ሐሙስ 26

አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ 1

ዳንሷን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ የቀለበት ጣቴን አንዣበብኩ፤ አልነካሁም፤ ወረድኩ። መምህሬ እጄን ያዙኝ።

«እዚያ ጋ…» አሉ።

«ምን አጠፋሁ?»

ጣቴን አዩት፤ የራሳቸውን አዩት።  ከዚያ እጄን ለቀቁና «ምንም። ጥሩ ነው። ቀጥዪ» አሉኝ።

ሲለቁኝ እጃቸውን አየሁት። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መሐል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፤ ሁለቱ የዳር ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል። የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ በሁለት እጅ ነው። እስካሁን እጃቸውን ስሰርቅ እጃቸውን አላየሁትም ማለት ነው።

ሐሙስ 3

ቀድሜ ገባሁ፤ መምህሬ አልመጡም። ወረቀቱ ፒያኖው ላይ ነበር። የፍሬዎቹን ስም አላውቅም እንጂ መቁጠር ማን ይከለክለኛል? በጣቴ እየነካሁ፣ ባሌ ፊደሉን እንዳስነካኝ፣ አንድ ፍሬ ለአንድ ጣት እየሰጠሁ ሄድኩ። ሦስተኛው መስመር ጫፍ ላይ አንድ ፍሬ ተረፈኝ። ከሁሉም በላይ ብቻዋን የተሰቀለች።

ዝምታው የዳንሷ አይደለም። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ናቸው ልክ።

በጠመኔ በሳልኩበት ገበታ ላይ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለማመድ የተነካውም ያልተነካውም እኩል ዝም ይል ነበር። እና እኔ ጎዶሎውን ነው የወደድኩት። እሳቸው የጎደለባቸውን።

ማክሰኞ 8

ጠየቅሁ። ልጻፈው እንዳለ።

«እጅዎን ያምዎታል?»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። አየሁ።»

ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ስሚኝ ልጄ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከእኛ ከመምህራኑ መሐል አንዱን በዚህ የትምህርት ወቅት መጨረሻ ትቀንሳለች። የማድርበትም ክፍል የትምህርት ቤቱ ነው። ይህች እጅ ደክማ ነው፤ ዕረፍት ሲመጣ ትድናለች። ያየሽውን አላየሽም።»

«ሐኪም ቢያይዎት…»

«ሐኪም ማየት ማለት እዚህ ሕንፃ ውስጥ በማግስቱ መሰማት ማለት ነው። ያየሽውን አላየሽም። በዪ።»

«አላየሁም።»

ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ብዬዋለሁ። አፌ መንገዱን ያውቀዋል።

ሐሙስ 10

ለራስ ምታት ክኒን ልገዛ መድኃኒት ቤት ገባሁ። እንዲያው እግረ መንገዴን፦

«አንድ ሰው ሁለት ጣቱ ቢደነዝዝበት፣ ከእጁም ሥጋ ቢጎድል ምን ይሆናል?»

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። «የነርቭ ነገር ነው። ክርን ላይ ተጨቁኖ ይሆናል። ቶሎ ከተደረሰበት ይፈታል። ሥጋው መጉደል ከጀመረ ግን እያንዳንዱ ሳምንት ይቆጠራል፤ ኋላ ቀዶ ጥገና ቢደረግም አይመለስም። ማን ነው?»

«የሩቅ ዘመድ።»

«ዛሬ ነገ ሳይል ሐኪም ቤት ይሂድ በይው።»

«እሺ» አልኩ። ክኒኑን ገንዘብ መቀበያው ላይ ረስቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ 12

ቸኩያለሁ። መምህሬን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ፋሻ አለ። ምድጃ ነካኝ አሉ። «አላመመዎትም?» አልኩ። «ሽታው ነው ያነቃኝ» አሉና ሳቁ። የራሳቸው ሥጋ ሽታ። ሳቁ።

እሑድ 13

የባሌ እህት ስታወራ አንዱንም አልሰማሁ። «አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል? ቀልብሽን የት ጣልሽው?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የመምህሬን ነገር ልነግራት ነበር። ግን የመምህሬን ከጀመርኩ የቱ ላይ እንደማቆም እርግጠኛ አልሆንኩም። «ጥርሴን አሞኛል» አልኳት። ቅርንፉድ ንከሺበት አለችኝ።

ማክሰኞ 15

የበር ማስታወቂያ፦ በዚህ ወር ሐሙስ 24 ለትልልቅ ተማሪዎች የማዳመጫ ምሽት ይሆናል። ኃላፊዋ ራሷ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ከልጅነቷ ያስተማሯት መምህሬ ናቸው አሉ፤ እስካሁን ስታያቸው ከወንበሯ ትነሣለች።

መምህሬ ተጨነቁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ወደ መስኮቱ ዞረው «እዚያች ላይ… ብትፈልጊ አንድ ድምፅ ጨምሪበት። ከላይ ያለችውን። ታምራለች» አሉኝ። ስለ ትንሽ ጌጥ እንደሚያወሩ ሁሉ።

ጨመርኩ። ጣቴ ወዲያው አገኛት። ፊታቸውን ሳይመልሱ «እሱ ነው» አሉ።

እንዲህ አድርገን ሁለታችንም ሳንናገር ቀዳዳውን ጣፍነው።

ሐሙስ 17

ድምፁን ጨምሬ ደጋግሜ ተጫወትኩ፤ አንድም ጊዜ አልሳትኩም። «እንግዲህ ምን እፈራለሁ?» አሉ መምህሬ። ስወጣ የበሩን እጀታ ለመያዝ ሁለት ጊዜ ሳቱት። እኔ ከፈትኩላቸው። ለባሌም በር እከፍትለት ነበር፤ ሰው ፊት እንዳያፍር ቀድሜ እየሄድኩ። ጎረቤቶች «እንዴት ትወደዋለች» ይሉ ነበር።

ማክሰኞ 22

መቀስ፦ «ሐሙስ ማታ ኮንሰርት አለሽ አሉኝ። ገበታዬን ይዘሽ ትወጫለሽ ወይስ እዚያ ሌላ የሜዳ አህያ አለ?»

«አለ» አልኩ።

«ፊትሽ ግን ወደ ሰርግ የምትሄድ ሴት ፊት አይደለም። ፈርተሽ ከሆነ ልንገርሽ፤ ሰው ሲጨንቀው እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። አታስቢ፣ እጅሽን ልቀቂው።»

እንቅልፍ አጥቻለሁ። እያንዳንዱ ሳምንት ይቆጠራል አሉ ሰውዬው።

ሐሙስ 24

ደብተሩን የከፈትኩት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ነበር፤ ተማሪዎቹና ዘመዶቻቸው። እኔ ያሳጠርኩት መጋረጃ ተስተካክሎ ተንጠልጥሏል። መምህሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ተጫወቱ፤ ሦስት ቦታ ሳቱ፤ ያችን ከላይ ያለችውን ግን አልሳቷትም። ከዚያ እኔ።

የመጀመሪያው መስመር ሄደ። ሁለተኛው ሄደ። ሦስተኛው ላይ ዜማዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ደረሰች፤ የቀለበት ጣቴ አንዣበበ፤ አልነካም፤ ወረድኩ። ሲደገምም እንዲሁ። እጄ የለመደውን አደረገ። መቀስ እንዳለው ነው።

አጨበጨቡ። ኃላፊዋ አላጨበጨበችም።

«በጣም ጥሩ ነው እህቴ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ድምፅ ግን የት ሄደች? ሁለቱንም ጊዜ ዘለልሻት።»

ረሳሁ ማለት እችል ነበር። ደነገጥኩ ማለት እችል ነበር፤ ማንም ያምነኝ ነበር። «እንደተማርኩት ነው የተጫወትኩት» አልኩ።

ኃላፊዋ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ወደዚያ አላየሁም።

«መምህሬ፣ ይቺን መስመር ብቻ ቢያሰሙን?»

«ደክሞኛል ልጄ።»

«አንዴ ብቻ።»

የወንበር ድምፅ ሰማሁ። መምህሬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ቦታ ለቀቅኩላቸው። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ተጫወቱ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አዳራሹ በሙሉ ወደቀ። ጣታቸው ጥርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ። ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ኃላፊዋ መጥታ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ገለበጠችው፤ የጎደጎደውን አየች፤ ቃጠሎውን አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?» አለች።  የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ተነሥተው እኔን አዩኝ፤ የሩቅ ዘመዴ ማን እንደሆኑ ገባቸው።

ስንወጣ በሩ ላይ መምህሬ ደረሱብኝ። «ደህና ይደሩ እመቤቴ። ስለ ሸሚዞቹ አመሰግንዎታለሁ» አሉኝ።

አንቱ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ 25

እጄ ነው የሄደው። ሌላ ምን ልጽፍ።

እሑድ 27

ትናንት ኃላፊዋ በራሷ መኪና ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው አሉ። ለቀዶ ጥገና አስተኟቸው። መቀስ ነው የነገረኝ፤ እሱም ከዘበኛው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሕንፃው ሁሉ አውቆ እሳቸው ብቻ የደበቁ ይመስላቸው ነበር» አለ። ሌላው ሁሉ አላወቀም ነበር። እኔ ነኝ ያወቅሁት።

የባሌ እህት ዛሬም መጣች። እንደ ልማዷ ፎቶግራፉ ሥር ተቀመጠች። ያንኑ ጥያቄ እስክታነሣ ጠበቅኋት። አላነሣችም። ስለ ሽንኩርት አወራች። ስትሄድ ግን እጇን ለቀቅ ማድረግ አቃተኝ፤ «ምነው?» አለችኝ። «የሚቀጥለው እሑድ ቀደም ብለሽ ነዪ። የማወራሽ ነገር አለ» አልኳት።

«ክፉ ነው?»

«የቆየ ነው።»

ማክሰኞ 29

ማክሰኞ መሆኑን እግሬ አልረሳም፤ ደረጃው ሥር ደርሼ ተመለስኩ። ላይ የመምህሬ ፒያኖ ዝም ብሏል። መቀስ ጠመኔዬን አንሥቶ አቀበለኝ። ጥርሶቹን አልሳልኩም።

ሐሙስ 8፣ አዲሱ ወር

መጡ። መምህሬ በገዛ እግራቸው ወደ ስፌት ቤቱ ወረዱ። ክንዳቸው ከክርናቸው እስከ መዳፋቸው ታሽጎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሴቶቹ ወንበር ለማቅረብ ተሯሯጡ። እሳቸው ቆመው እኔን ብቻ አዩ። መቀስ ነገሩ ገባው መሰለኝ «እስቲ አየር እንቀበል» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

«ሐኪሙ፣ ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ አንድም ጣት አይጎድልዎትም ነበር አለኝ። አሁን ብርጭቆ ይይዛሉ፣ ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ፒያኖውን ግን እንጃ፣ ጣቶቹ ከተንቀሳቀሱ ወራት ጠብቀን እናያለን አለ። ኃላፊዋ እስከዚያ ልትታገሠኝ ነው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

የያዝኩትን ጨርቅ አጣጠፍኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የወረድኩት። ረስተሽው ነው ወይስ አውቀሽ?»

የእግር መኪናዬን ጎማ በእጄ ይዤ ቆምኩ። በራሴ ደብተር ላይ እንኳ እጄ ነው የሄደው ብዬ ጽፌያለሁ።

«አውቄ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህንንማ ያውቁታል። «መቼ አወቅሽ ታዲያ? እጄን መቼ አወቅሽ?»

«ሸሚዞቹን የሰጡኝ ዕለት።»

«ያኔ!» አሉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ያኔ ስንት ሳምንት ነበረኝ። ለምን አልተናገርሽም? እኔ ብቆጣስ? ምን እሆንብሽ ነበር፣ እበላሽ ነበር?»

 «አላየሁም በዪ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን ግን አፌ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት፤ እሳቸው ያሉኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ዝም በዪ አላለኝም ነበር። የመምህሬ ዓይን ቀላ፤ የእኔ አልቀላም፤ የእኔ ከቀላ አይመለስም ብዬ ፈራሁ።

«ማክሰኞ ነዪ» አሉ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ የምታዪው እጅ የለሽም። ኖታ እንደማታነቢ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ፤ ገጹን የምትገልጪው አንድ መስመር ቀድመሽ ነው። እኔም ዝም አልኩሽ። ሁለታችንም ዝም ባዮች ነን፤ ያመጣብንን እይ።»

እሑድ 11

የባሌ እህት መጣች። ባለፈው እሑድ አፌ አልታዘዘኝ ብሎ ሳልነግራት ሸኝቻት ነበር፤ ዛሬ ነገርኳት። የነገርኳትን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰምታዋለች፤ ይበቃል። ሻይዋን ሳትጠጣ ተነሣች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች፤ ፊቷን ግን አልመለሰችልኝም። የሚቀጥለው እሑድ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ 13

ወጣሁ። አዲስ ወረቀት ነው፤ ለልጆች የሚሰጠው፤ ፍሬዎቹ ትልልቅ ናቸው። መምህሬ በግራ እጃቸው በእርሳስ እየነኩ «ይቺ ማን ናት?» ይሉኛል። እኔ «አላውቅም» እላለሁ። «እንግዲህ ተዋወቂያት።» ቃሏ አጥንት ሆና አልወጋችኝም፤ አለፈች። ሦስት ስም ለመያዝ ምሽቱ አለቀ።

ልወጣ ስል መምህሬ «ቆይ» አሉ። ክንዳቸው ላይ ያለውን ፋሻ ገለጥ አደረጉትና እጃቸውን ፒያኖው ክዳን ላይ ዘረጉት። የገረጣ፣ የከሳ፣ ገና ስፌቱ የሚታይ ክንድ። እኔ ልሰፋው የምችለው ስፌት አልነበረም።

«እኔ ስመኘው የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። ሐኪሙ ያጽናናኛል፤ ኃላፊዋ ታዝንልኛለች። የማምነው ዓይን የለኝም። በየትምህርቱ መጨረሻ አንቺ ትነግሪኛለሽ።» ትንፋሻቸውን ያዙ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ ከንፈራቸው ነጣ። «አሁን። ተንቀሳቀሰ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰው በሚያሳዝን ዓይን ሲያይህ ምን እንደሚፈልግ ትረዳለህ፤ እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህንኑ ስሰጥ ኖሬአለሁ።

«አልተንቀሳቀሰም» አልኳቸው።

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ፋሻውን መልሰው ሸፈኑት።

«ጎሽ» አሉ። «ሐሙስ ደግሞ እንጠይቃለን።»